ዊሊያም ሮዋን፦ የወፎችን ሰዓት በመብራት የመረመሩ ስደተኛ



በቅርቡ ወደ ጊቫት ሃሞሬ ከገቡት ወገኖቻችን መካከል አንድ አባት ባለፈው የብርድ ወቅት አንድ ጥያቄ ይዘው ወደ ማኅበራችን መጥተው ነበር። እርሳቸው በጎንደር ገጠር ሲኖሩ የእጅ ሰዓት አስረው አያውቁም። አውራ ዶሮ ሲጮኽ ይነሳሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ የቀኑ ሰዓት መቆጠር ይጀምራል፤ ስትጠልቅ አሥራ ሁለት ይሞላል። ዓመቱን ሙሉ ይህ ሂሳብ ብዙም ተዛብቶባቸው አያውቅም። እዚህ ግን በጁን እንቅልፍ ሳይጠገብ ይነጋል፤ በዲሴምበር ደግሞ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ሳይጫወቱ ይጨልማል። በዚህ ምክንያት እንቅልፋቸውም የምግብ ሰዓታቸውም እንደተዛባባቸው ነገሩን።

የጥያቄው መልስ አጭር ነው። ጎንደር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። አፉላ ግን ወደ ሰሜን ርቃ ስለምትገኝ በጁን ቀኑ ከ14 ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ በዲሴምበር ወደ 10 ሰዓት ያጥራል። ልዩነቱ ከአራት ሰዓት በላይ ነው ማለት ነው። አገር የለወጠ ሰው ቋንቋና ምግብ ብቻ ሳይሆን የቀን ርዝመትም ይለወጥበታል።

ይህን የብርሃን መርዘምና ማጠር ከሰው ይልቅ አጥብቀው የሚከታተሉ ፍጥረቶች አሉ። እነርሱም ወፎች ናቸው። ሽመላን ሁላችንም እናውቃለን። በአገር ቤት የኛ ልጆች ሽመላ ሲያልፍ እያዩ ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቁት እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ነቢዩ ኤርምያስም ሽመላ ጊዜውን የሚያውቅ ወፍ መሆኑን አንስቷል። ያ ሽመላ ዛሬም በማርችና በኤፕሪል ከአፍሪካ ተነስቶ በዮርዳኖስና በኢይዝራኤል ሸለቆ ላይ እየዞረ ወደ አውሮፓ ይሄዳል፤ ከኦገስት ጀምሮም ይመለሳል። የእስራኤልን ሰማይ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያቋርጡት ወፎች በጠቅላላው 500 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። የቀን መቁጠሪያ የሌላቸው እነዚህ ወፎች የጉዞ ጊዜያቸውን በምን ያውቃሉ? ለዚህ ጥያቄ በመብራትና በሽቦ ቤት መልስ ለመፈለግ የተነሱትን የአንድ ሰው ሕይወት በዛሬው እትማችን እናቀርብላችኋለን። ሰውየው ዊሊያም ሮዋን ይባላሉ። እርሳቸውም እንደኛ ከአገር አገር የዞሩ ሰው ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እዚህ በምንጠቀምበት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከባዝል እስከ ካናዳ

ዊሊያም ሮዋን በ1891 ዓ.ም. በጁላይ ወር በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአየርላንድ ሰው፣ እናታቸው የዴንማርክ ሰው ነበሩ። ሆኖም ያደጉት እንግሊዝ አገር ነው። እንግዲህ ገና ከልጅነታቸው የየትኛው አገር ሰው ነህ ተብለው ቢጠየቁ መልሱ ቀላል አልነበረም። ከልጅነት ጀምሮ የሚወዱት ነገር ግን አንድ ነበር፤ እርሱም ዱር ገብቶ ወፎችን ማየትና መሣል ነው።

በ1908 ዓ.ም. ገና የ17 ዓመት ወጣት ሳሉ ወደ ምዕራብ ካናዳ፣ ወደ አልበርታ ሄደው በከብት እርባታ በቅጥር ሠራተኛነት ገቡ። ሥራው ከባድ ነበር፤ ብርዱም የሚቻል አልነበረም። ነገር ግን የዚያ ሰፊ ሜዳ አራዊትና ወፎች ልባቸውን ያዙት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተመልሰው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስለ እንስሳት የሚያጠናውን የዞኦሎጂ ትምህርት ጀመሩ። በመካከሉ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስለተነሳ ወደ ውትድርና ገቡ፤ በጤና ምክንያት ግን ተሰናበቱ። ትምህርታቸውንም በ1917 ዓ.ም. ፈጸሙ።

በ1919 ዓ.ም. እንደገና ወደ ካናዳ ተሻገሩ። በመጀመሪያ በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ በኤድመንተን ከተማ ወዳለው የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው የዞኦሎጂን ትምህርት ክፍል ከመሠረቱ አቋቋሙ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው መኖሪያቸው ኤድመንተን ሆነ።

ኤድመንተን ከአፉላ እጅግ ርቃ በሰሜን የምትገኝ ከተማ ናት። በጁን ቀኑ 17 ሰዓት ያህል ይረዝማል፤ በዲሴምበር ግን ብርሃኑ ወደ ሰባት ሰዓት ተኩል ያጥራል። ብርዱም ከዜሮ በታች 30 እና 40 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ብዙዎቹ ወፎች ከብርዱ በፊት ወደ ደቡብ ይሄዳሉ፤ ብርዱ ሲያልፍ ይመለሳሉ። ሮዋን በየዓመቱ በማስታወሻቸው የመምጫና የመሄጃ ቀኖቻቸውን ሲመዘግቡ አንድ ነገር ልብ አሉ። ብርዱ አንዳንድ ዓመት ቀድሞ፣ አንዳንድ ዓመት ዘግይቶ ይመጣል። ምግቡም እንደዚሁ አንድ ዓመት ይበዛል፣ አንድ ዓመት ያንሳል። ወፎቹ ግን በየዓመቱ በአንድ ሰሞን ይመጣሉ፤ በአንድ ሰሞን ይሄዳሉ። እንግዲህ ወፎቹ የሚከተሉት ብርድን ወይም ረሃብን አይደለም፤ ከዓመት ዓመት የማይለዋወጥ ሌላ ምልክት አለ ማለት ነው። ከዓመት ዓመት የማይለዋወጠው ደግሞ የቀን ርዝመት ነው።

የተከለከለ ሥራ

ይህን ሐሳብ መፈተን ግን ቀላል አልነበረም። በዚያን ጊዜ የነበሩት የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሜዳ ላይ ወፍ መከተልን እንደ እውነተኛ ሳይንስ አይቆጥሩትም ነበር። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር በላቦራቶሪ ውስጥ መሥራት አለበት የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። ሮዋን በሥራ ሰዓታቸው ለዚህ ጥናት ጊዜም ሆነ ገንዘብ አላገኙም። ክርክሩ ለዓመታት የዘለቀ ሲሆን የሮዋንንም ኑሮ መራራ አድርጎታል።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለ ክልከላ ሲገጥመው ተስፋ ይቆርጣል። ሮዋን ግን ቀን ቀን ማስተማራቸውን ሳያጓድሉ፣ ጥናቱን በትርፍ ጊዜያቸውና በራሳቸው ወጪ በመኖሪያ ግቢያቸው ጀመሩት። ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ፣ ደመወዛቸውም ብዙ ያልሆነ ሰው እንደነበሩ ስናስብ ውሳኔው ከባድ እንደነበር እንረዳለን። ላቦራቶሪ የለህም ለተባሉት ሰው የገዛ ግቢያቸው ላቦራቶሪ ሆነላቸው።

በበረዶ መካከል የበራ አምፖል

በ1924 ዓ.ም. የብርዱ ወቅት ሊገባ ሲል ሮዋን ወደ ደቡብ በማለፍ ላይ ያሉ ጃንኮ የሚባሉ ትናንሽ ግራጫ ወፎችን በወጥመድ ያዙ። ጃንኮ መጠኑ ከኛ ድንቢጥ ብዙም አይበልጥም። በግቢያቸውም በሽቦ የታጠሩ ሁለት የወፍ ቤቶች ሠሩ። ሁለቱም ቤቶች ለብርዱ የተጋለጡ ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ምግቡ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በአንደኛው ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ አምፖል መኖሩ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ አምፖሉ ይበራል። በመጀመሪያው ቀን ለጥቂት ደቂቃ፣ በማግስቱ ጥቂት ደቂቃ ተጨምሮበት፣ እንዲህ እያለ በየቀኑ ይጨመራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ከሳምንታት በኋላ በዚያ ቤት ያሉት ወፎች በጥልቁ ብርድ መካከል የፀደይን ያህል ረጅም ቀን አገኙ። በሌላው ቤት ያሉት ግን እንደ ተፈጥሮው በአጭሩ ቀን ቆዩ።

ውጤቱ የሚያስገርም ነበር። የወፍ የመራቢያ ዕጢ ከእርባታ ወቅት ውጭ ሟሽሾ እጅግ ትንሽ ይሆናል፤ የእርባታው ወቅት ሲቃረብ ደግሞ ብዙ እጥፍ ያድጋል። መብራት ባልነበረበት ቤት የኖሩት ወፎች ዕጢያቸው በብርዱ ወቅት እንደሚጠበቀው ሟሽሾ ተገኘ። አምፖል የበራላቸው ግን በረዶው ገና ሳይቀልጥ ዕጢያቸው አድጎ፣ ወንዶቹም እንደ ፀደይ ሲዘምሩ ታዩ። ብርዱ ያንኑ ያህል ነው፤ ምግቡ ያው ነው፤ የተለወጠው ብርሃን ብቻ ነው። ሮዋን ይህን ግኝት በ1925 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት አሳተሙት። በኤድመንተን ግቢ የተሠራው ሥራ በዓለም ዙሪያ ይነበብ ጀመር። የለንደን ዩኒቨርሲቲም በ1929 ዓ.ም. የሳይንስ ዶክተርነት ማዕረግ ሰጣቸው።

ዛሬ ዘወር ብለን ስናየው ነገሩ ግልጽ ይመስላል። በዚያን ዘመን ግን እንስሳት ወቅትን የሚያውቁት በሙቀትና በምግብ ነው የሚለው ሐሳብ የበረታ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ ሁለት ተመራማሪዎች የትንባሆና የሌሎች ዕፅዋት አበባ በቀን ርዝመት እንደሚወሰን አሳይተው ነበር። ሮዋን ደግሞ የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳትም የቀንን ርዝመት እንደሚቆጥሩ በሙከራ ካሳዩት የመጀመሪያው ሰው ሆኑ።

ቢጫ ጭራ ያላቸው ቁራዎች

ሮዋን በዚህ አላቆሙም። የዕጢው ማደግ ወፏን ወደ ሰሜን እንድትጓዝ ያስገድዳታልን? ይህን ለማወቅ ትልቅና ከሩቅ የሚታይ ወፍ አስፈለጋቸው። ስለዚህ ቁራን መረጡ። በ1929 እና በ1931 ዓ.ም. ቁራዎችን ይዘው ከፊሉን በመብራት፣ ከፊሉን ያለመብራት አቆዩ። በ1931ዱ ሙከራ ቁራዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ሰው ሁሉ እንዲያውቃቸው ጭራቸውን ቢጫ ቀለም ቀብተው በብርዱ መግቢያ ለቀቋቸው። ገበሬዎችና አዳኞች ቢጫ ጭራ ያለው ቁራ ያገኙ እንደሆነ እንዲያስታውቁ በጋዜጣና በሬዲዮ ተለፈፈ። በዚያ ሰሞን የአልበርታ ሕዝብ ሁሉ የሮዋን ረዳት ሆነ ማለት ይቻላል።

ውጤቱ ሮዋን ተስፋ እንዳደረጉት ያለቀለት አልነበረም። መብራት ካላዩት መካከል የተገኙት እንደ ልማዳቸው ወደ ደቡብ ሲሄዱ፣ መብራት ካዩት ውስጥ ወደ ሰሜን አቅጣጫ የተጓዙ ተገኙ፤ ነገር ግን ብዙ ያልተገኙና ምንም ርቀው ያልሄዱም ነበሩ። ሮዋን ጉዞን የሚያስነሳው የዕጢው ሆርሞን ነው ብለው ደመደሙ። በ1931 ዓ.ም. ስለ ወፎች ጉዞ እንቆቅልሽ ባሳተሙት መጽሐፍም ይህንኑ አስፋፍተው ጻፉ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ነገሩ ከዚህ የተወሳሰበ ሆኖ አገኙት። የወፍ አካል የራሱ ውስጣዊ ሰዓት አለው፤ ብርሃን ደግሞ ያንን ሰዓት በየዕለቱና በየወቅቱ ያስተካክለዋል እንጂ ዕጢው ብቻውን ጉዞን አያዝዝም። ሮዋን በር ከፈቱ፤ በበሩ ያለፉት ሌሎች ናቸው።

የለንደን ወፎች

በ1930ዎቹ ሮዋን ወደ ለንደን በሄዱ ጊዜ ሌላ ነገር አስተዋሉ። ስታርሊንግ የሚባሉት ጥቁር ወፎች፣ እዚህ በዕብራይስጥ ዛርዚር የምንላቸው፣ በብዙ ሺህ ሆነው በከተማዋ መሐል በሚገኙ ሕንፃዎች ላይ ያድሩ ነበር። በዚያ የመንገድ መብራቱና የመኪናው ጫጫታ ሌሊቱን ሁሉ አይቋረጥም። ሮዋን እነዚህን ወፎች በገጠር ከሚያድሩት ጋር ሲያስተያዩ የከተማዎቹ ዕጢ በብርዱ ወቅት ቀድሞ አድጎ አገኙት። ግኝታቸውንም በ1937 ዓ.ም. አሳተሙ። የከተማ የሌሊት መብራት የወፎችን ሰዓት እንደሚያዛባ ከተጻፉት ጽሑፎች ከቀደሙት አንዱ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሮዋን መንገድ የሳቱበት ነገር ነበር። ወፎቹን የሚለውጣቸው ብርሃኑ ራሱ ሳይሆን ነቅተው መንቀሳቀሳቸው ነው ብለው አመኑ። ቀደም ሲል ወፎችን በጨለማ ውስጥ በግድ እንዲንቀሳቀሱ አድርገው የሠሩት ሙከራም ወደዚህ ሐሳብ መርቷቸው ነበር። በዚያው ዘመን በፈረንሳይ የስትራስቡርግ ከተማ የሚሠራ ሌላ ተመራማሪ ግን ነገሩ ከብርሃን፣ እንዲያውም ከብርሃን ቀለም ጋር የተያያዘ መሆኑን እያሳየ ነበር።

የብርሃን ቀለም

ያ ተመራማሪ ዣክ ቤኑዋ ይባላል። ቤኑዋ ሙከራውን የሠራው በዳክዬ ነው። ማየት የማይችሉ ዳክዬዎች እንኳ ቀኑ በመብራት ሲረዝምላቸው ዕጢያቸው እንደሚያድግ አገኘ። እንግዲህ ብርሃኑ በዓይን ብቻ አይደለም የሚገባው። ቤኑዋ በቀጭን የኳርትዝ ዘንግ ብርሃንን በቀጥታ ወደ አንጎል ሥር፣ ሃይፖታላመስ ወደሚባለው ክፍል ሲያደርስ ዳክዬዎቹ ወቅቱ የደረሰ ያህል ተለወጡ። ከቀለሞቹም ቀይና ብርቱካናማ ብርሃን ከሰማያዊና ከአረንጓዴ ይልቅ ኃይለኛ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱም ቀይ ብርሃን ላባን፣ ቆዳንና የራስ ቅልን ዘልቆ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሰማያዊው ግን ከላይ ይቀራል። እጃችሁን በባትሪ ብርሃን ላይ ብታደርጉ ጣታችሁ ቀይ ሆኖ እንደሚታይ ሁሉ ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ በአሜሪካ ማይክል ሜናከርና ባልደረቦቹ ይህንኑ በድንቢጥ አረጋገጡ። በድንቢጧ የራስ ቆዳ ሥር ጥቁር ቀለም ሲያስገቡ ብርሃኑ ስለሚታገድ ወፏ ወቅቱን ሳትለይ ትቀራለች። የራሷን ላባ ሲነቅሉላት ደግሞ ለደካማ ብርሃን እንኳ መልስ ትሰጣለች። ወፍ በራስ ቅሏ ውስጥ ሌላ ብርሃን ተቀባይ አላት ማለት ነው።

ቀዩ ብርሃን ወቅትን ሲያሳውቅ፣ ሰማያዊው ብርሃን ደግሞ በይበልጥ የዕለቱን ሰዓት ይነካል። በወፍ አንጎል አናት ላይ ፓይንያል የሚባል ትንሽ ዕጢ አለ። ሌሊት ሌሊት ሜላቶኒን የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ሲነጋ ያቆማል። የዶሮ ፓይንያል ከአካሏ ተለይቶ በላቦራቶሪ ሳህን ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ የቀንና የሌሊቱን ተራ ለጊዜው ይቀጥላል። በ1994 ዓ.ም. በጃፓን ተመራማሪዎች በዚህ ዕጢ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃንን የሚቀበል ንጥረ ነገር አገኙ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች አውራ ዶሮዎችን ያለማቋረጥ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ ዶሮዎቹ ጎሑን ሳያዩ በውስጣዊ ሰዓታቸው ብቻ ሰዓታቸውን ጠብቀው እንደሚጮኹ አሳዩ። የጎንደሩ አባት አውራ ዶሮ እንግዲህ ጎሕን አይቶ ብቻ አልነበረም የሚጮኸው፤ ሰዓቱ በውስጡ ነበር።

ይህ እውቀት በመጽሐፍ ብቻ የቀረ አይደለም። በአካባቢያችን ሞሻቦች በዶሮ ቤት፣ ማለትም በሉል ውስጥ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች በየቀኑ ታዩታላችሁ። ዕንቁላል ጣይ ዶሮዎች መብራት በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት የሚበራላቸው በሌላ ምክንያት አይደለም፤ አጭሩ ቀን ዕንቁላል መጣል እንዳያስቆማቸው ነው። በሬሖቮት የሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ተመራማሪዎችም ስለ መብራት ቀለም ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። በጥናታቸው አረንጓዴ ብርሃን ለሥጋ የሚረቡትን ጫጩቶች ዕድገት እንደሚያግዝ፣ ቀይ ብርሃን ደግሞ ከመራባት ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ስለዚህ የሉሉ ባለቤት መብራቱን እንዳትነኩት ወይም ሰዓቱን እንዳትለውጡት ሲያሳስባችሁ ምክንያቱ የኤሌክትሪክ ሂሳብ ብቻ አይደለም። አንድ ሌሊት ሳይጠፋ የቀረ መብራት የብዙ ሺህ ዶሮዎችን ሰዓት ሊያዛባ ይችላል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ወደ ሮዋን ሕይወት እንመለስ። በኋለኞቹ ዓመታት ክብር መጣላቸው። በ1946 ዓ.ም. የካናዳ ሮያል ሶሳይቲ ፍላቬል የተባለውን ሜዳሊያ ሸለማቸው። ወፍ መከተል ሳይንስ አይደለም የተባሉት ሰው በሥነ ሕይወት መስክ ከአገሪቱ ታላላቅ ሽልማቶች አንዱን አገኙ። ስለ ዱር አራዊት ጥበቃም በየመድረኩ ይናገሩ ነበር። የዱር ጥንቸልና የሌሎች እንስሳት ቁጥር በአሥር ዓመት ያህል ዑደት ለምን እንደሚበዛና እንደሚያንስም ብዙ ደከሙበት።

ሥዕል የመሣል ስጦታቸውም አብሯቸው አረጀ። በሰሜን አሜሪካ ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያለው፣ ክንፉን ሲዘረጋ ከሰው ቁመት በላይ የሚሆን ነጭ ወፍ አለ። ይህ ወፍ በአደንና በረግረግ መድረቅ ምክንያት ሊጠፋ ተቃርቦ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የቀረው 20 ያህል ብቻ ነበር። የካናዳ ፖስታ ቤት በ1955 ዓ.ም. የዚህን ወፍ ቴምብር ሲያወጣ ሥዕሉን የሣሉት ሮዋን ነበሩ። በአገሩ ሁሉ በሚጓዘው ደብዳቤ ላይ ያ ነጭ ወፍ አብሮ ተጓዘ። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ጥበቃ የወፉ ቁጥር ዛሬ በመቶዎች ይቆጠራል።

ሮዋን በ1956 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ከአንድ ዓመት በኋላ በጁን ወር 1957 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው በኤድመንተን አረፉ። የሞቱበት ወር በዚያ ሰሜናዊ አገር ቀኑ ከሁሉ የሚረዝምበት ነው።

ለእኛ የሚሆነው ቁም ነገር

እኚህ ሰው ከሞቱ ብዙ ዘመን ቢያልፍም የጀመሩት ጥያቄ ዛሬ በየመንገዱ ላይ ቆሟል። በ2013 ዓ.ም. የታተመ የጀርመን ጥናት፣ ሌሊት ሌሊት እጅግ ደካማ ብርሃን ያዩ ጥቁር ወፎች የመራቢያ ዕጢያቸው በጨለማ ካደሩት አንድ ወር ያህል ቀድሞ እንደሚያድግ አሳይቷል። ይህ ሮዋን በለንደን ያዩት ነገር ነው። በአንድ የሆላንድ ጥናትም ሌሊት የሚጓዙ ወፎች በነጭና በቀይ መብራት እየተሳቡ መንገዳቸውን ሲስቱ፣ በአረንጓዴ መብራት ግን ያን ያህል አልታወኩም። በየከተማው ቢጫው የመንገድ መብራት በነጭ ኤል ኢ ዲ ሲተካ ሰማያዊው ብርሃን ስለሚበዛ፣ የመብራት ቀለም መምረጥ የማዘጋጃ ቤቶች ጉዳይ ሆኗል።

እኛስ? ሰው እንደ ወፍ በራስ ቅሉ ብርሃን አይቀበልም፤ በዓይኑ ነው። ነገር ግን የእኛም ውስጣዊ ሰዓት በብርሃን ይስተካከላል፤ ሰማያዊ የበዛበት የስልክና የቴሌቪዥን ብርሃን ማታ ማታ እንቅልፍን ያዘገያል። ስለዚህ ለዚያ አባት የሰጠናቸውን ምክር ለእናንተም እንደግመዋለን። ጠዋት ሲነሱ መስኮቱን ይክፈቱ፤ ቢቻል ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት በእግር ይዘው ፀሐይ ያግኙ። ማታ ልጆቹ ሳይተኙ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ስልኩን ከእጃቸው ይቀበሉ፤ መብራቱንም ደብዘዝ ያድርጉ። የቀኑን ማጠርና መርዘም አካል እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል፤ መጥፎ ነገር ደረሰብኝ ብሎ መስጋት አያስፈልግም።

ሌላም የምንማረው አለ። ሮዋን ወደ ካናዳ የመጡት ከብት ጠባቂ ሆነው ነው። ፈቃድ ሲነፈጉ ግቢያቸውን ሠሩበት። በአንዳንድ ነገር ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸው ግን ሥራቸውን አላጠፋውም፤ ሌሎች አርመው ቀጠሉበት። በኡልፓን ቋንቋው አልገባ ያላችሁ፣ በአገር ቤት የነበራችሁ ሙያ እዚህ ያልተቆጠረላችሁ ወገኖቻችን ይህን አስቡ። ልጆቻችሁም ከትምህርት ቤት መጥተው ስለ ሰማይ፣ ስለ ወፍ፣ ስለ ዶሮ ሲጠይቋችሁ ዝም በል አትበሏቸው። ስለ ሽመላ፣ ስለ ድርጭትና ስለ አውራ ዶሮ እናንተ ከመጽሐፉ ይልቅ የምታውቁት ብዙ ነገር አለ።

በመጪው ማርች ሰማዩ ጥርት ባለበት አንድ ረፋድ ከጊቫት ሃሞሬ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ተመልከቱ። ሽመላዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው በሞቀው አየር ላይ እየተሽከረከሩ ከፍ ሲሉ ታያላችሁ። ከአገር ቤት አካባቢ የመጡም አሉባቸው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡና አሳዩአቸው፤ በልጅነታችሁ ሽመላን ምን ትጠይቁት እንደነበርም ንገሯቸው።